ኬብሉን ስነቅለው ሲስተሙ ዳነ

የደመወዝ ሰሞን ነበር። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ስልኬ መጮህ ጀመረ። ከባንካችን ቅርንጫፎች የሚደውሉት "ሲስተም የለም" ቢሉኝ ደስ ባለኝ። እነሱ ግን "ሲስተሙ አለ፣ ግን ቀጥ ይላል፣ ደግሞ ይሄዳል" ነው የሚሉት። የሞተ ነገር ቢያንስ የት እንደሞተ ይታያል።

እንደ ልማዳችን መጀመሪያ የተወነጀለው ዳታቤዙ ነው። የዳታቤዝ ባለሙያዋ ኔትወርኩን ጠቆመች። የኔትወርክ ልጆች ደግሞ ሰርቨሩን የምይዘውን እኔን። አንድ ሰዓት እንዲሁ ስንጠቋቆም አለፈ።

ሰርቨራችን ዳታውን የሚያስቀምጠው በራሱ ዲስክ ላይ ሳይሆን ለብቻው ባለ ስቶሬጅ፣ ማለትም በዲስኮች ማከማቻ ላይ ነው። ወደዚያ የሚወስዱ ሁለት የፋይበር መንገዶች አሉ። እያንዳንዱ የራሱ ፖርት (ኬብል መሰኪያ)፣ የራሱ ስዊች (ማገናኛ)፣ በስቶሬጁ በኩልም የራሱ ኮንትሮለር (ዲስኮቹን የሚመራ ክፍል) አለው። ሰርቨሩ የሚሠራበት ሊኑክስ ያንኑ አንድ ዲስክ በሁለቱም በኩል ስለሚያየው ሁለት ይመስለዋል፤ አንድ መሆናቸውን አውቆ የሚያዋህዳቸው መልቲፓዝ የሚባለው ፕሮግራም ነው። አንዱ መንገድ ሲቋረጥ ሥራውን ወደ ሌላው ያዞራል። ይሄ ፌይልኦቨር ነው። የተቋረጠው ሲመለስ ሥራውንም ወደ ቦታው ይመልሳል፣ ፌይልባክ። መመለሱ ለምን አስፈለገ? ዲስኩን የያዘው አንደኛው ኮንትሮለር ስለሆነ፣ በሌላኛው በኩል የሚመጣ ሥራ ዞሮ ነው የሚደርሰው። ትንሽ ይዘገያል።

ሎጉን፣ የሰርቨሩን የክስተት መዝገብ፣ ከፈትኩ። ዋናው መንገድ፣ ዲስኩን ወደያዘው ኮንትሮለር የሚሄደው፣ ወደቀ፣ ተነሳ። ወደቀ፣ ተነሳ። ገጹ በዚህ ተሞልቷል። በተነሳ ቁጥር ሥራው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወደ እሱ ይመለሳል። ሲወድቅ ደግሞ ሰርቨሩ መንገዱን ተስፋ እስኪቆርጥበት 5 ሰከንድ ይጠብቃል። በዚያች 5 ሰከንድ ውስጥ ስንት ገንዘብ ከፋይ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ እንደሚቀር አስቡት። ከዚያ ይዞራል፣ ትንሽ ይሠራል፣ እንደገና ይመለሳል።

እንዲህ ቸኩሎ እንዲመለስ ማን አዘዘው? የመልቲፓዙን ማዋቀሪያ ፋይል አየሁት፤ ፌይልባክ "ወዲያውኑ" ተብሏል። የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ሊኑክስ ካልነኩት "በእጅ" ነው የሚለው። እኔ ነኝ ሌሊት ተነስቼ መንገድ ስመልስ አላድርም ብዬ የቀየርኩት።

ወደ ሰርቨር ክፍሉ ወረድኩ። አለቃችን ተከትለውኝ መጡ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ኬብሉን ልነቅለው።"

"በደመወዝ ቀን? አሞሃል እንዴ?"

ነቀልኩት። ለጥቂት ሰከንዶች ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ከዚያ ሥራው በቀረው መንገድ ይፈስ ጀመር፤ ስልኩም ጸጥ አለ። አለቃችን ኬብሉን ከእጄ ተቀብለው እያገላበጡ አዩት። ወገቡ ላይ ተቆልምሟል። ከሳምንት በፊት አዲስ ሰርቨር ስንገጥም የራኩ (የሰርቨሮቹ መደርደሪያ) በር ቆንጥጦት ኖሯል።

ከሰዓት በኋላ ክርክር ተነሳ። እኔ ከእንግዲህ ፌይልባክ በእጅ ይሁን አልኩ። የሥራ ባልደረባዬ አልተስማማም፦ "አንተ ትረሳዋለህ፣ እኛ በዘገምተኛው መንገድ ወር እንከርማለን።" እውነቱን ነው፣ እረሳለሁ። ፋይሉ ውስጥ በፌይልባክ ቦታ ላይ ቁጥር ከተጻፈ መልቲፓዙ ያን ያህል ሰከንድ ቆይቶ ነው የሚመልሰው፤ 600 ላይ ተስማማን። መንገድ ሲወድቅ መልእክት እንዲደርሰንም አደረግን። ይሄኛው ገና ድሮ መደረግ ነበረበት።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ሲስተሙን በተረከብን ቀን ኬብል ነቅለን ሞክረናል። መልሰን ሰክተናል። ሁሉም ሠርቷል፣ ፈርመናል። ግማሽ የሞተ ኬብል ግን ማንም አልሞከረም። አሁን በጥገና ቀን የስዊቹን ፖርት በየጥቂት ሰከንዱ እየዘጋን እየከፈትን እናየዋለን።

አለቃችን እስከ ዛሬ የደመወዝ ሰሞን ሲደርስ በቢሮዬ በር ላይ ብቅ ይላሉ። "ዛሬስ የምትነቅለው የለም?"