ከነማረሻው ግድግዳ ላይ የቆመ ገበሬ

ካናዳ፣ ኤድመንተን ከተማ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቀውን ለጋልን ግን ያየኋት ገና ባለፈው ቅዳሜ ነው። ካኖላ የሚባለው የዘይት እህል ማሳ ከመንገዱ ግራና ቀኝ እስከ ዓይን መድረሻ አብቦ ቢጫ ሆኗል። የጎጃም ኑግ ትዝ አለኝና ልጄን «የአያትሽ ማሳ በጥቅምት እንዲህ ነበር» አልኳት።

ለጋል 1,200 ያህል ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው በኋላ የኤድመንተን የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ ከሆኑት ከኤሚል ለጋል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ሰፈሩባት። አሁን የእነዚያ ሰዎች ታሪክ 30 ያህል ሥዕሎች ሆኖ በየሕንፃው ግድግዳ ላይ ይታያል።

እኔ ያደግሁት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየሁ ነው። እዚያ ጻድቅ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ፤ ኃጥእ ግን ፊቱን አዙሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። ሥዕሉን ያሣለው ባለጸጋ ከታች ጠርዙ ላይ ተደፍቶ ይሰግዳል። ገበሬ ከነፈረሱና ከነማረሻው ግድግዳ ሞልቶ ቆሞ ግን በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ነበር። ከአንዱ ሥዕል ፊት ብዙ ቆየሁ። ሰዎቹ ፎቶግራፍ አንሺ «አትንቀሳቀሱ» እንዳላቸው ሁሉ ቀጥ ብለው ወደ ፊት ያያሉ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ አንዲት እናት በሣጥኗ ያኖረችው ፎቶግራፍ ባይኖር ኖሮ ሠዓሊው ከየት ያመጣቸው ነበር?

ከሥዕሎቹ ጎን ያለው ጽሑፍ ፈረንሳይኛም አለበት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰዎቹ ከመስፈራቸው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1892፣ የግዛቱ ምክር ቤት የትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደንግጎ ነበር፤ ለፈረንሳይኛ የተተወለት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ብቻ ነው። ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ ሕግ ሥር ነው። ቋንቋው ግን ይኸው ከመቶ ዓመት በኋላ አደባባይ ላይ በጉልህ ተጽፎ ይነበባል። እኔ በየቀኑ እራት ላይ «በአማርኛ ተናገሪ» እያልኩ ከልጄ ጋር የምታገል እናት ነኝና አንጀቴን በላኝ።

ልጄ ፈረንሳይኛ በትምህርት ቤት ስለምትማር ታነብልኝ ጀመር። ማረሻው ላይ ስትደርስ ቆመችና «ይህስ በአማርኛ ምን ይባላል?» አለችኝ። ማረሻ፣ ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር፣ እርፍ እያልኩ ዘረዘርኩላት። እርፍ የምትለዋን ቃል ወደደቻትና እስከ ቤታችን ድረስ መኪናው ውስጥ ስትደጋግማት መጣች።

የአባቴ ያለን አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። መታወቂያ ሲያወጣ የተነሣው ነው፤ ኮቱም የጎረቤት ነበር። እርፍ ጨብጦ ያነሣው ሰው የለም።

ማታ አገር ቤት ላለው ወንድሜ ደወልኩና የአባታችንን የእርሻ ዕቃ ፎቶግራፍ አንሥቶ እንዲልክልኝ ለመንኩት። ጥቂት ዝም አለ።

«እርፉ አለ፣ ጎታው ሥር ነው» አለኝ። «ሞፈሩ ግን ባለፈው ክረምት ማገዶ ሆኗል፣ እትዬ።»