ከድሬ ሐረር፦ ካቴና ወይስ ኩሽኔታ?

ድሬ ላይ በጠዋት ካልተነሳህ ጉዞውን ተወው። ሦስት ሰዓት ካለፈ ፀሐይዋ ሄልሜት ውስጥ ገብታ ትቀቅልሃለች። እኛም አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ከዚራ ሰፈር አንዲት ጥግ ላይ ፈጢራ በልተን፣ ሻያችንን ጠጥተን ሞተር አስነሳን። እኔ ከፊት፣ ጓደኛዬ ከኋላ፣ በመሃላችን አንድ ፌስታል ብርቱካን። ሐረር ያለች እህቱ ወልዳ አራስ ልንጠይቅ ነው። ጓደኛዬ ሰማንያ አምስት ኪሎ ይመዝናል። ለሐሜት አይደለም፤ ክብደቱ ኋላ ጉዳይ ስላለው ነው።

መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲሰሙት ቅርብ ነው፤ ሲወጡት ግን ሌላ ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ተኝታለች። የደንገጎን ተራራ ስትወጣ 2000ን ታልፋለህ። በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ሐረርን ትቶ ሜዳው ላይ የቀረው በዚሁ ተራራ ምክንያት ነው። ድሬም ያኔ “አዲስ ሐረር” ተባለች። ባቡር ያልደፈረውን ዳገት እኔ በ150 ሲሲ የህንድ ሞተር ልወጣው ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከጉዞው በፊት በነበረው ቀን ካቴናዬ፣ የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ሰንሰለት፣ ላልቶ የኋላ ሹካውን እየመታ ነበር። ሰፈሬ ያለ ልጅ እግር መካኒክ ጋ ወሰድኩት። ጠበቅ አድርግልኝ አልኩት፤ እሱ ወጠረው። በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ ክራር ጅማት ሊዘፍን ምንም አልቀረው። “አሁን አይላላም!” አለኝ። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ።

ደንገጎ ላይ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ድሬ በየኩርባው ከታች እያነሰች ትሄዳለች። ከፊታችን ሲሚንቶ የጫነ መኪና እያቃሰተ ይወጣል። እሱን ልቀድም ማርሽ ቀንሼ ነዳጅ ስሰጠው ነው መጀመሪያ የሰማሁት። ቅጭ። ትንሽ ቆይቶ፣ ቅጭ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ድምፅ አለ። ወፍጮ ቤት ከሩቅ ሲሰማ ዓይነት፣ ሮሮሮ የሚል።

“ሰማህ?” አልኩት ጓደኛዬን።

“ምኑን?”

“ከኋላ የሚጮኸውን።”

“አቦ ንዳ! እኔን መስሎህ ይሆናል።”

ደንገጎ ጫፍ ላይ የአዲስ አበባው መንገድ ከእኛው ጋር ይገናኛል። ከዚያ ወዲያ ወደ አዴሌ ሲሄዱ አልፎ አልፎ ቁልቁለት አይጠፋም። አንዷን መረጥኩ። ከኋላ መኪና አለመኖሩን አየሁና ፍሪሲዮን ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ጸጥ አለ። ነፋሱና ጎማው ብቻ። ቅጭ… ቅጭ… ሮሮሮ። ሁለቱም አሉ። በቃ፣ ኢንጂኑ ነፃ ወጣ። ሞተር ጠፍቶ ጎማ ሲዞር የሚጮህ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከካቴናው ወይ ከጎማው አያልፍም። የፊቱ ጎማ እንዳይሆን ጓደኛዬን ጠየቅኩት። “ከመቀመጫዬ ሥር ነው” አለ። አሁን እሱም መስማት ጀምሯል።

ዛፍ ጥላ ሥር ቆምን። ሞተሩን በሁለት እግሩ አቆምኩት፤ የኋላ ጎማው ከመሬት ተነሳ። ማርሹን ዜሮ አድርጌ ጎማውን በእጄ ቀስ ብዬ አዞርኩት። ከብርቱካኑ ፌስታል ትንሽ ቀደድኩና ካቴናው ላይ አሰርኩ። ጎማው ላይ ደግሞ በጭቃ ምልክት አደረግኩ። ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። የእኔ ሞተር የኋላ ጥርሱ፣ ካቴናው የሚዞርበት ክብ ብረት፣ 42 ነው፤ ካቴናው ደግሞ 116 ማያያዣ አለው። ስለዚህ ጎማው ሦስት ጊዜ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ካቴናው አንድ ዙር ይጨርሳል። ቅጭ የሚለው የጭቃው ምልክት በመጣ ቁጥር ከሆነ ጥፋቱ ጎማው ወይም ጥርሱ ላይ ነው። ፌስታሏ በመጣች ቁጥር ከሆነ ካቴናው ላይ ነው።

ጭቃው አለፈ፤ ዝም። እንደገና አለፈ፤ ዝም። ፌስታሏ ልትመጣ ስትል፣ ቅጭ!

ከፌስታሏ አራት ማያያዣ ቀደም ብሎ አንዱ ደርቋል። ከፊተኛው ትንሽ ጥርስ ታጥፎ ሲወጣ እንደሌሎቹ አይዘረጋም፤ እንደ ታመመ ጉልበት ጎበጥ እንዳለ ይቀራል። ዝገትና አሸዋ ነው። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በበጋ በሞተር የሚያቋርጥ ሰው የካቴናው ዕጣ ይሄው ነው። አሸዋው ከዘይት ጋር ሲቀላቀል የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ዘይት አንጠባጠብኩበት፣ በፒንሳ ይዤ ግራ ቀኝ አሸሁት። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ቅጭታው ጠፋ። ጓደኛዬ ብርቱካን ልጦ ሸለመኝ።

ያኔ ነው ካቴናውን በጣቴ ከፍ ዝቅ ላደርገው የሞከርኩት። ባዶውን ትንሽ ይነቃነቃል። ጓደኛዬ ሲቀመጥበት ግን ጭራሽ እምቢ አለ፤ የብረት ዘንግ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው ሲቀመጥ የኋላ ሹካው ወደ ላይ ይታጠፋል። የፊቱ ጥርስ፣ የሹካው መታጠፊያና ፔርኖው፣ ጎማው የሚዞርበት ዘንግ፣ አንድ መስመር ላይ ሲውሉ ካቴናው የሚሸፍነው ርቀት ከሁሉም ይረዝማል። ባዶ ሞተር ላይ የተወጠረ ካቴና እዚያ ሲደርስ የሚሄድበት የለውም። ስለዚህ ፔርኖውን ወደ ፊት ይጎትታል። ፔርኖውን የያዘው ደግሞ ኩሽኔታ ነው፤ ጎማው እንደ ልብ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ጥይት ቀለበት። ሹካው ላይ የተለጠፈው ወረቀት “ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ይላላ” ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ አብሮኝ ሲሄድ አንድ ቀን አላነበብኩትም።

ላላላው ብል ለፔርኖው የሚሆን መፍቻ የለኝም። አንድ የጫት አይሱዙ ቆመልን። የጫት አይሱዙ ለሰው ሲቆም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሾፌሩ መፍቻውን ወረወረልኝ፣ “አቦ ፍጠን፣ ሰዓት የለኝም” አለ፣ ከዚያ ግን ወርዶ ራሱ ፈታልኝ። ግራና ቀኙን እኩል እኩል አላላነው። ጓደኛዬ ተቀምጦበት ለካን። አሁን ይነቃነቃል።

ተነሳን። ቅጭታው የለም። ሮሮሮው ግን አለ። ፍጥነት ስጨምር ይወፍራል፤ ስቀንስ ይቀጥናል። ይሄኛው አይቆጠርም፣ ዙር የለውም። በአርባ ኪሎ ሜትር ፍጥነት እያዘገምን ቀጠልን። ባጃጅ ሁሉ ቀደመን። ደርቆ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ መልሶ ውሃ ይዟል፤ ሌላ ቀን ቢሆን ቆሜ አየው ነበር። አወዳይን እንዴት እንዳለፍኩ አላስታውስም። ጆሮዬ ከኋላ ነበር።

ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ሰው ጠይቀን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ደረስን። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝና “አባባ፣ እርስዎ…” ብዬ ጀመርኩ። “አቦ አንተ በለኝ! እርስዎ ስትለኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል” አለኝ። የቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት ጫፉ የለም። ሳየው አየኝና ሳልጠይቀው ነገረኝ። ልጅ ሆኖ ሞተሩ እየሠራ ካቴና ሊጠርግ ጨርቅ ይዞ ገባ። ጨርቁ ቀድሞ ሄደ፤ ጣቱ ተከተለ።

የመንገዱን ታሪክ በሙሉ አወራሁለት። ስለ ፌስታሏም ጭምር። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ የካቴናውን ክሊፕ ፈትቶ ካቴናውን ከነአካቴው አወጣው፣ ጎማውንም ብቻውን አዞረው። ሮሮሮ። ካቴና የለ፣ ድምፁ አለ። ረዥም ካቻቢቴ አነሳና ጫፉን ፔርኖው ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። በግራ በኩል ሰማ፣ በቀኝ በኩል ሰማ። “ና ስማ” አለኝ። በፍሬኑ በኩል ዝናብ በሩቁ እንደሚዘንብ ለስላሳ ነው። በካቴናው በኩል ጠጠር ቆርቆሮ ላይ እየተንከባለለ ነው። ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለገውም።

ጎማው ወረደ። በጎማው መሃል፣ ሞዞው ውስጥ ያለውን ኩሽኔታ በዚያችው በጎደለች ጣቱ ሲያዞረው ያዝ ለቀቅ ይላል። የላስቲክ ክዳኑ ተቀዷል፤ ውስጡ የነበረው ግሪስ የቡና አተላ መስሏል። ጠርዙ ላይ 6302 ተብሎ ተጽፏል። ይህ ቁጥር ደስ የሚል ነገር አለው። የትም አገር ይመረት፣ 6302 ውስጡ 15፣ ውጪው 42፣ ውፍረቱ 13 ሚሊ ሜትር ነው። የሞተሩን ስም እንኳ ሳትናገር ቁጥሩን ይዘህ ብትሄድ ይሸጡልሃል። ጓደኛዬን ላክነው።

እሱ እስኪመለስ በፈረስ መጋላ በኩል ወደ ጀጎል ገባሁ። እግሬ መኪና ግርግር ወደሚባለው መንገድ ወሰደኝ። ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ስሙም ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የመጣ ነው ይባላል። ስንቴ አልፌበታለሁ። ያን ቀን ግን አንድ መንገድ ሙሉ ኩሽኔታ ሆኖ ተሰማኝ። አንደኛው መኪና በየዙሩ ሲጥጥ ይላል። ቆምኩ። ሰፊው ቀና ብሎ “ልብስ ነው?” አለኝ። “አይ፣ ዘይት አልቆበታል” ብዬ ወደ መኪናው ጠቆምኩ። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ስመለስ አዲሱ ኩሽኔታ እየገባ ነበር። አሮጌውን ከላይ ደግፎ በመዶሻ ቀስ፣ ቀስ። ምቱ የውጪውን ቀለበት ብቻ ነው የሚነካው። የውስጡን ብትመታ ጥይቶቹ ገና ሳይሠሩ ይጎዳሉ። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መሃል የምትገባዋን ቱቦ እንዳይረሳ አፉ ውስጥ ሊይዛት ምንም አልቀረው፤ “እሷን የረሳ ሰው ፔርኖውን ባጠበቀ ቁጥር ኩሽኔታ ይገድላል” አለ። ሞዞው ውስጥ ያሉትን ላስቲኮችም ጫን ጫን አድርጎ አያቸው፤ ደህና ናቸው። በመጨረሻ ካቴናውን አስገብቶ ክሊፑን ሲመልስ ዝግ ጫፉን ካቴናው ወደሚሄድበት አደረገው። ክፍት አፉ ከፊት ከሆነ አንድ ጠጠር ፈልቅቆ ይጥለዋል። የእኔው በተቃራኒው ነበር የታሰረው። ስንት ቀን እንደዚያ እንደነዳሁ አልቆጥርም።

አራሷን ጠየቅን፣ ገንፎ በላን። ከብርቱካኑ የደረሳት ግማሹ ነው። ማታ ደንገጎን ስንወርድ የድሬ መብራት ከታች ተዘርግቶ፣ ሞተሩ ጸጥ ብሎ፣ ጓደኛዬ ከኋላ እያንጎራጎረ ነበር።

በማግስቱ አሮጌውን ኩሽኔታ ይዤ ካቴናዬን ወደወጠረው ልጅ ሄድኩ። ልናገረው ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ኩሽኔታውን ተቀበለኝ፣ በጣቱ አዞረው፣ ወደ ጆሮው አስጠጋው።

“አቦ ይሄማ ገና ይሠራል!” አለና ኪሱ ከተተው።