ቡቺን በበረዶ ቀን ማንሸራሸር

ውሻዬ ቡቺ 3 ኪሎ አትሞላም። ጸጉሯ አጭር ነው፣ እግሯም እንደዚያው። እኔን ቁርጭምጭሚቴ ላይ የሚደርስ በረዶ የእሷን ሆድ ይነካል። ትንንሽ ውሾችን ብርድ ቶሎ የሚያንዘፈዝፋቸው ግን በዚህ ብቻ አይደለም። ሙቀት የሚያመነጨው ሰውነታቸው ትንሽ ነው፤ ሙቀቱ የሚያመልጥበት ቆዳ ደግሞ ከክብደታቸው ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የገዛሁላት ሆዷን ጭምር የሚሸፍን ልብስ ነው። ጀርባ ላይ ብቻ ጣል የሚደረገው ለፎቶ ያምራል፣ ሌላ ጥቅም አልታየኝም። ውሃ የማያስገባም መሆን አለበት፤ የረጠበ ልብስ እንዲያውም ያቀዘቅዛታል። ማሰሪያዋንም ከአንገቷ አንስቼ ደረቷን የሚይዝ አደረግኩት። አንዳችን ስንንሸራተት ገመዱ ድንገት ይሳባል፤ የትንሽ ውሻ ጉሮሮ ያንን አይችልም።

ዋናው ጣጣ ግን መዳፏ ነው። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው መዳፍን ያቃጥላል፣ ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያማል። ጫማ ገዛሁላት። መጀመሪያ ሳደርግላት ፍም የረገጠች ይመስል እግሯን እያፈራረቀች ታነሳ ጀመር፤ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከዚያ ቤት ውስጥ አንድ እግር ብቻ እያጫማሁ፣ የምትወደውን ነገር እያጎረስኩ ቀስ በቀስ አለማመድኳት። አሁንም አንዱን አራግፋ የምትጥልበት ቀን አለ። ጫማ እምቢ ላለ ውሻ ከመውጣቱ በፊት መዳፉን ስስ ቫዝሊን መቀባት ይረዳል። ጸጉራም ከሆነ በጣቶቹ መሃል ያለውን ጸጉር ከርከም ማድረግ ነው፤ አለዚያ በረዶው እዚያ ይድቦለቦላል። የተድቦለቦለውን በለብ ያለ ውሃ ማቅለጥ እንጂ ጎትቶ ማውጣት አይገባም።

ስንመለስ በሩ ጋ ለብ ያለ ውሃና ፎጣ ይጠብቁናል። እግሯንና ሆዷን አጥባለሁ፣ በጣቶቿ መሃል ሳይቀር አደርቃለሁ። ይህን ሳትልስ በፊት ማድረግ ነው ቁም ነገሩ፤ የላሰችው ጨው ሊያስመልሳትና ሊያስቀምጣት ይችላል። ከዚህ የባሰው ለመኪና ራዲያተር የሚጨመረው እንዳይቀዘቅዝ የሚያደርግ ፈሳሽ ነው። ብዙውን ጊዜ ኤቲሊን ግላይኮል የሚባል መርዛማ ኬሚካል አለበት፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፣ ጥቂቱ ኩላሊት ያበላሻል። ውሻ ከላሰው ምልክት አይጠበቅም፣ በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው። መኪና ከቆመበት ሥር ቡቺን የማላስጠጋት ለዚህ ነው።

ቴርሞሜትሩ ከ0 በታች ሲወርድ መንገዱን አሳጥራለሁ። ወደ -7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ለሽንት ብቻ ነው የምንወጣው። ነፋስ ካለ ወይም እርጥብ በረዶ ከዘነበ ቁጥሩን ብዙም አላምነውም፤ እሷን አያለሁ። እግሯን አንስታ ከቆመች፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ፊቷን ወደ ቤት ካዞረች በቃ፣ አንስቼ ጃኬቴ ውስጥ ነው። አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉ፦ ስትንቀጠቀጥ የነበረች ውሻ መንቀጥቀጧን አቁማ ከደነዘዘችና እንቅልፍ እንቅልፍ ካላት፣ ተሽሏት ላይሆን ይችላል። የሰውነቷ ሙቀት ከልክ በታች ወርዶ ይሆናል። በደረቅ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። የጆሮ ወይም የጭራ ጫፍ ከገረጣ ደግሞ ማሸት ክልክል ነው፤ ቆዳውን ይጎዳዋል።

ሌላው ሽንት ነው። በረዶው ከፍ ሲል ቡቺ መቀመጫ ቦታ ታጣና ይዛው ትመለሳለች፣ ከዚያ ምንጣፌ ላይ ትለቀዋለች። አሁን ከመውጣታችን በፊት በአካፋ ትንሽ ቦታ እስከ መሬቱ እጠርግላታለሁ። ጉዳይዋን ጨርሳ ሽው ብላ ትገባለች። የተረፈ ጉልበቷን ቤት ውስጥ ታወጣዋለች፦ ምግቧን እዚህም እዚያም እደብቃለሁ፣ እሷ እያነፈነፈች ትፈልጋለች። ሶፋው ሥር ያለውን ሁሌም መጀመሪያ ታገኘዋለች።