ፔዳሉ ሳይነካ የሮጠ ልብ

ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ አንድ በጎ ፈቃደኛ የሚለካበት ሳይክል ላይ አስቀመጥን። ደረቱ ላይ የልብ ምቱን የሚያነቡትን ኤሌክትሮዶች ለጠፍን፣ የትንፋሽ ማስኩንም አጠለቅንለት። የልብ ምቱ በደቂቃ 70 ነበር። "በል ተዘጋጅ፣ ልንጀምር ነው" አልኩት። እግሩን እንኳን ሳያነቃንቅ 92 ገባ!

ጡንቻው እኮ ገና ምንም ተጨማሪ ኦክስጅን አልጠየቀም። ወሬውን ቀድሞ የሚያቀብለው አንጎል ነው፤ ልብን ረገብ አድርጎ የሚይዘውን የቬገስ ነርቭ ያላላዋል፣ ልብም ይፈተለካል። ትንፋሽም እንደዚያው ነው፤ ፔዳል መምታት ሲጀመር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደም ውስጥ እስኪጠራቀም ሳይጠብቅ ወዲያው ይጨምራል። የፊዚዮሎጂ ተመራማሪዎቹ ክሮግና ሊንድሃርድ እ.ኤ.አ. በ1913 ጽፈውታል፣ እኔም ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ግን ሁሌም ይገርመኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ጣጣ ነው። እረፍት ላይ በደቂቃ 6 ሊትር ገደማ አየር የሚተነፍሰው ሰውዬ 100 ሊትር ሲያልፍ ላቡ ጎረፈና አንዷ ኤሌክትሮድ ተላቀቀች። ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር! ደነገጥኩ። ቀና ስል ሰውዬው ፔዳሉን እየመታ አውራ ጣቱን ያሳየኛል። የኔን የልብ ምት ያን ሰዓት የለካ ቢኖር ጥሩ ዳታ ይሆን ነበር። ነገ ቆዳውን በደንብ ጠርገን እንደገና እንለጥፋለን።