የዋረን ስፓንን ሰንጠረዥ ሳነብ የተማርኩት

ዋረን ስፓን በአሜሪካ ቤዝቦል ግራኝ ፒቸር (ለመቺው ኳስ የሚወረውር ተጫዋች) ነበር፤ 363 ጨዋታ አሸንፎ 245 ተሸንፏል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) እኔም መጀመሪያ የያዝኩት የድል ዓምዱን ነበር፤ አሳሳተኝ። 1952 ላይ 14 ድልና 19 ሽንፈት ተጽፏል። ግን በዚያ ዓመት የተቆጠረበት በ9 ኢኒንግ (ኢኒንግ የጨዋታው ዙር ነው፤ መደበኛ ጨዋታ 9 አለው) 2.98 ነጥብ ብቻ ነው። ቡድኑ ካላስቆጠረለት ወርዋሪው ምን ያድርግ?

ስለዚህ በ9 ኢኒንግ የሚቆጠርበትን አማካይ ራሴ ማስላት ያዝኩ። ተከላካዮች በሠሩት ስህተት የገባው ነጥብ አይቆጠርም፤ የቀረውን በ9 አባዝቶ ለኢኒንግ ማካፈል ነው። ወጥመዱ ያለው በኢኒንግ ቁጥሩ መሃል ያለችው ነጠብጣብ ላይ ነው። የ1942 ረድፍ 15.2 ኢኒንግ ይላል፤ ይህ 15 ኢኒንግና 2 አውት ማለት እንጂ አስርዮሽ አይደለም (አውት አንድ ተጫዋች ከማጥቃት ሲወጣ ነው፤ ሦስት አውት አንድ ኢኒንግ ይሞላል)። የተቆጠረበት 10 ነጥብ ነው። እንዳለ ካልኩሌተር ውስጥ ከከተቱት 5.92 ይወጣል፤ ትክክሉ 5.74 ነው። እኔ አሁን ሁሉንም ወደ አውት እቀይራለሁ፤ 15 ሲባዛ በ3፣ ሲደመር 2፣ 47 አውት። ከዚያ 10 ሲባዛ በ27 ሲካፈል ለ47። ረጅም ዓመት ላይ ልዩነቱ ስለማይታይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው።

እዚያው ረድፍ ላይ ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፤ አንድ ጨዋታ ሙሉውን ወርውሯል፣ ግን ድሉም ሽንፈቱም ዜሮ ነው። የሕትመት ስህተት አይደለም። ኒውዮርክ ላይ ባለሜዳዎቹ እየመሩ ሳለ ልጆች ሜዳውን ስለወረሩት ጨዋታው በፎርፌ ለስፓን ቡድን ለቦስተን ተሰጠ፤ ድሉ ግን ለወርዋሪው አልተመዘገበም። ከ1943 እስከ 1945 ያለው ክፍተት ደግሞ የጦርነቱ ነው።

ዕድሜውን የሚያሳዩት ሁለት ዓምዶች ስትራይክአውት (መቺው ኳሱን መምታት አቅቶት ሲወጣ) እና ዎክ (አራት የተሳሳቱ ውርወራዎች ተወርውረውለት መቺው በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ማለትም ማረፊያ፣ ሲሄድ) ናቸው። በ1950 በ293 ኢኒንግ 191 ስትራይክአውት፣ 111 ዎክ፤ በ9 ኢኒንግ 5.87 እና 3.41። በ1963፣ በ42 ዓመቱ፣ በ259.2 ኢኒንግ 102 እና 49፤ 3.54 እና 1.70። ፍጥነቱ ሲቀንስ ስክሩቦል የሚባለውን ተጣማሚ ውርወራ ጨመረ፤ ግራኝ ሲወረውረው ከቀኝ መቺ የሚሸሽ ኳስ ነው። መቺውን ባዶ ማስመታቱ ቀረና ደካማ ምት ማስመታቱ ተተካ፤ በነፃ ቤዝ መስጠቱም በግማሽ ወረደ።

ጁላይ 2 ቀን 1963 ከተቃራኒው ቡድን ፒቸር ከሁዋን ማሪሻል ጋር የተፋጠጠበት ጨዋታ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። 15 ኢኒንግና 1 አውት፣ 2 ስትራይክአውት፣ 1 ዎክ። በ16ኛው የተቃራኒው ቡድን መቺ ዊሊ ሜይስ ሆምራን (ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጪ የሚልክ ምት) መታበትና 1 ለ 0 ተሸነፈ። ዓመቱን 23 ለ 7 ነው የጨረሰው፤ የድል ዓምዱን ብቻ ለሚያይ ይህች ጨዋታ ከሰባቱ ሽንፈቶች አንዷ ናት።