ቆዳውን ሁለቴ አሰፋሁት፣ ባዶው ግን ሥሩ ነበር

የአባቴ መርሴዲስ በ1990 እ.ኤ.አ. የተሠራ 200ኢ ነው፤ ደብልዩ 124 የሚባለው። ሞተሩ ዛሬም ድምፁ አይሰማም። የሹፌሩ ወንበር ግን በግራ በኩል ተንዶ ነበር። ስንወርድ ሁሌ የምንሻገረው የጎኑ ከፍታ አለ አይደል? አባቴ ስንት ዓመት በእሱ ላይ ተንሸራቶ ወርዷል። አዳማ ደርሼ ስመለስ ወገቤ ለሁለት ቀን አይታዘዘኝም።

እኔ ያየሁት ግን ቆዳውን ብቻ ነው። የጎኑ ስፌት ተተርትሯል፣ አጠገቡም ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ወንበር የሚሰፋ ሰው ጋ ወሰድኩት። ሰፋልኝ፤ በአራተኛው ወር ተቀደደ። ሌላው ደግሞ ቆዳውን ትንሽ ወደ ውስጥ አስገብቶ ሰፋው። ጭራሽ ተወጥሮ በሌላ ቦታ ተተረተረ። ሦስተኛው መርፌም አላነሳም። በመዳፉ ተጫነው፣ እጁ ሰመጠ። «ወንድሜ፣ ሥሩ ባዶ እኮ ነው። ምኑን ልስፋልህ?» አለኝ።

ልክ ነበር። ክብደት የሚሸከመው ከቆዳው ሥር ያለው ሙሌት ነው። እሱ ሲያልቅ ሰውነታችን የሚንጠለጠለው በስፌቱ ላይ ነው።

እኔው ራሴ ልሠራው ወሰንኩ። ወንበሩ የተያዘው በአራት ብሎን ነው፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ። ባትሪውን አስቀድሜ ነቀልኩ። የእናንተ መኪና አዲስ ቢጤ ከሆነና ከወንበሩ ሥር ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባግ ሊሆን ስለሚችል ባትሪ ሳትነቅሉ እንዳትነኩት።

ወንበሩ ሲነሳ ምንጣፉ ላይ ቡናማ ዱቄት ተቆልሏል። ለዓመታት አፈር መስሎኝ ስጠርገው ኖሬያለሁ። ለካ ጠርጌ የምጥለው ወንበሩን ነው! የዚያ ዘመን መርሴዲስ ከሞላው በላይ የሚያነጥፈው በጎማ ሙጫ የተያያዘ፣ እንደ ጎፈሬ የተጠላለፈ ጸጉር ነው። ሙጫው ሲደርቅ ጸጉሩ ይፈረፈራል። ቆዳውን ከብረቱ ጋር የያዙትን የሽቦ ቀለበቶች በፒንሳ እየቆረጥኩ ገለጥኩት። እያንዳንዱን እርምጃ በስልክ ፎቶ አነሳሁ፤ ባላነሳ ኖሮ እስካሁን አልጨርስም ነበር።

መርካቶ ሄጄ ስፖንጅ ገዛሁ። «አንደኛ ነው» አሉኝ፣ አመንኩ። የፍራሽ ስፖንጅ ነበር። በሦስት ሳምንት ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛ ስሄድ ብልጥ ሆኜ ነው። ስፖንጁን 10 በ10 በ10 ሳንቲም አስቆርጬ በትንሽ ሚዛን መዘንኩት። ያ ቁራጭ አንድ ሊትር ነው፤ ስለዚህ 20 ግራም ከመዘነ በሜትር ኩብ 20 ኪሎ ማለት ነው፣ ይሄ ለወንበር አይሆንም። እኔ ከ40 በላይ የሆነውን ወሰድኩ። ለጎኑ ከፍታ ደግሞ ከቁርጥራጭ ተጨምቆ የሚሠራውን፣ ያንን ዥጉርጉሩን ተጠቀምኩ። ጠንከር ይላል፣ ተንሸራቶ የሚወርድን ሰው ይችላል።

ቅርጹን ከየት አመጣሁ? ከቀኙ ጎን። እሱ ብዙም አልተጎዳም ነበር። በካርቶን ለካሁት፣ ካርቶኑን ገልብጬ ለግራው ቆረጥኩበት። የዳቦ ቢላዋ ስፖንጅን አሳምሮ ይቆርጣል፣ ብቻ ተጭናችሁ አትቁረጡ፤ ስትለቁት ጠርዙ ይጣመማል። ከሚፈለገው አንድ ሳንቲም አተረፍኩለት፣ ቆዳው ሲወጠር ይጨመቃልና። በሞላውና በስፖንጁ መካከል ኬሻ አነጠፍኩ፤ ያለዚያ ሞላው ስፖንጁን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ማስቲሹን ሁለቱም ፊት ላይ ቀብቶ ጣት እስከማይዝ መጠበቅ ነው። አንዴ ከገጠመ ይቅርታ አያውቅም። ደግሞ ደጅ ላይ ሥሩት፣ ሽታው ራስ ያዞራል።

ቆዳው ላይም ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ ቆዳ መሆኑን አረጋግጡ፤ ብዙ የዚያ ዘመን መርሴዲሶች ኤም ቢ ቴክስ የሚባል ፕላስቲክ ነው የለበሱት። ጀርባውን ገልጣችሁ እዩ፦ እንደ ጸጉር የተንጨባረረ ጭረት ካለው ቆዳ ነው፣ የተሸመነ ጨርቅ ከሆነ አይደለም። የእኔ ቆዳ ነበር። ለተቀደደው ቦታ የበግ ቆዳ ገዛሁ፣ ለስላሳና ርካሽ ስለሆነ። የእኛ በግ ቆዳ ለጓንት ተወዳዳሪ የለውም፤ ለወንበር ግን ስስ ነው፣ ተለጥጦ ቀረ። የበሬ ቆዳ አምጥቼ እንደገና አሰፋሁ።

ትንሿን ቀዳዳ ከሥር በአቡጀዲ ደገፍኳት፣ በሚተጣጠፍ ሙጫ አጣበቅኩ፣ ከላይ ቀዳዳውን የሚደፍነውን የቆዳ መሙያ በስሱ ደጋግሜ ቀባሁ። እያንዳንዱ ንብርብር ሲደርቅ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። በወፍራሙ አንዴ ከቀባችሁት ይሰነጠቃል።

ቀለሙን ግን አልዋሽም፣ በጫማ ቀለም ጀመርኩት። ያምራል! እሁድ እማዬን ቤተክርስቲያን ላደርስ፣ የጎኑን በር መክፈት ስላስቸገራት በእኔ በኩል ገባች። ስትወርድ ነጭ ነጠላዋ ከኋላ ቡናማ ሆኗል። «ምን አደረግከኝ ልጄ?» አለችኝ። ቤት ተመልሼ በላርጎ፣ ከዚያ በአልኮል አጠብኩት፣ ለወራት ተውኩት። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ በውሃ የሚሠራ የቆዳ ቀለምና የላይ ማሸጊያውን አመጣችልኝ። በስፖንጅ ጠብ ጠብ እያደረግኩ አምስት ጊዜ ቀባሁት።

ቆዳውን መልሼ ሳለብስ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት አሞቅኩት፤ ሲሞቅ ይለጠጣል። አሁን ከፍ ብዬ ስለምቀመጥ መስታወቶቹን ሁሉ እንደገና አስተካክያለሁ። የጎኑ ወንበር ሥር ያለው ዱቄት ግን አሁንም አለ፤ ሰሞኑን አልጠረግኩትም፣ መጠኑን እየተከታተልኩ ነው።