ሕመምተኛ ይዞ ወደ ባንኮክ፦ ከመሳፈር በፊት የሚያልቀው ሥራ

በነሐሴ 2017 አክስቴን ለሕክምና ወደ ባንኮክ ይዤ ከመሄዴ በፊት፣ ቀደም ብለው የሄዱ ዘመዶች የጉዞው ከባድ ክፍል አዲስ አበባ ላይ እንደሚያልቅ ነግረውኝ ነበር፤ ሄጄም ያየሁት ይህንኑ ነው። ባንኮክ ለእንግዳ የተመቸ ከተማ ሲሆን፣ የሚከብደው ወረቀቱንና ገንዘቡን ሳያሟላ ለደረሰ ሰው ነው።

ለቪዛው ሆስፒታሉ የላከልንን የቀጠሮ ደብዳቤ አያይዘን በኢንተርኔት አመለከትን። ከቪዛው የማይተናነስ ትኩረት የሚሻው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ታይላንድ ኢትዮጵያን በሽታው ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጥራት፣ በሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ ከኢትዮጵያ የመጣ መንገደኛ ኢሚግሬሽን ከመድረሱ በፊት ካርዱን በጤና ቁጥጥር ክፍል ያሳያል። ካርዱ የሚጸናው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ በመሆኑ በጉዞ ዋዜማ መከተብ አይጠቅምም፤ አንዴ የተከተበ ግን ለዕድሜ ልኩ ይበቃዋል። ክትባቱ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑና የመከላከል አቅማቸው ለደከመ ሰዎች አደጋ ሊኖረው ስለሚችል፣ አክስቴ ከመከተባቸው በፊት ሐኪማቸውን አማከርን። የተከለከለ ሰው የሐኪም ማስረጃ ይዞ መሄድ ይኖርበታል።

እ.ኤ.አ. ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ የመግቢያ ቅጽ በኢንተርኔት ይሞላል። ከመድረሻው ቀን በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ የሚሞላ ሲሆን ክፍያ የለውም፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠመ የመንግሥት አይደለም።

ብር ባንኮክ ላይ አይመነዘርም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከባንክ ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት አቅርበን የወሰድነውን ዶላር በባለ 100 ኖት፣ ያልታጠፈና ያልተጻፈበት እንዲሆን አስመረጥን፤ የባንኮክ ምንዛሪ ቤቶች ለትንንሽ ኖቶች ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣሉ፣ የቆሸሸውንም ይመልሳሉ። አየር ማረፊያው ውስጥ ሻንጣ መቀበያው አካባቢ ያሉት ባንኮች የሚሰጡት ዋጋ ዝቅተኛ ስለሆነ እዚያ ለታክሲ የሚበቃ ብቻ መንዝሮ፣ የቀረውን ከታች ከባቡሩ ጣቢያ አጠገብ ባሉት ምንዛሪ ቤቶች መመንዘር ይሻላል። በኤቲኤም ማውጣት ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ከ200 ባህት (የታይላንድ ገንዘብ) በላይ ስለሚያስከፍል አልመክረውም።

ብቻውን የሚጓዝ ጤነኛ ሰው ከአየር ማረፊያው ከተማው ውስጥ ወዳለው የፓያ ታይ ጣቢያ የሚወስደውን ባቡር ቢይዝ ከ45 ባህት አይበልጥበትም። እኛ ሕመምተኛ ስለያዝን ታክሲ ተሳፈርን። ወረፋ የሚሰጠው ማሽን ያተመውን ወረቀት ይዞ የተጻፈበት ቁጥር ጋ መሄድ ነው፤ ቆጣሪው ከሚያሳየው ላይ የአየር ማረፊያ 50 ባህት ይጨመራል፣ የፈጣን መንገዱንም ክፍያ ተሳፋሪው ይችላል። ቆጣሪ አልከፍትም ያለውን ሾፌር ተከራክሮ ከማሳመን ወርዶ ሌላ መያዝ ይቀላል። የሆቴሉን አድራሻ በታይኛ አስጽፎ መያዝም ብዙ ንግግር ያስቀራል። መኪኖች በግራ ስለሚሄዱ፣ መንገድ ሲሻገሩ ዓይን በለመደው በኩል ብቻ እንዳያይ ለአክስቴ ደጋግሜ አሳስብ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበን ምግብ ነበር፤ የሄድነው በፍልሰታ ነውና። የታይላንድ ወጥ ቤት አትክልቱንም ሩዙንም በዓሣ ስጎ ያጣፍጣል፤ ሥጋ የለውም የተባለ ሳህን እንቁላል ሊኖረው ይችላል። መፍትሔው «ጄ» የሚባለው የቡድሂስቶች የጾም ምግብ ሆነ። በቢጫ ሰሌዳ ላይ በቀይ በተጻፈ ምልክት የሚታወቀው ይህ ምግብ ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም፣ ወተትም የለውም። ነጭ ሽንኩርትም ስለማይገባበት ለእኛ ምላስ ለዘብ ይላል፤ አክስቴ ከቤት ያመጡትን ሚጥሚጣ እየነሰነሱ በሉት። እንጀራ ለናፈቀው ደግሞ ናና በሚባለው ሰፈር፣ ከሱኩምቪት ጎዳና ገባ ብሎ የአረብና የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ።

ዕቃ ሲገዛ ቀኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። በብዙ ማሸጊያ ላይ ዓመቱ በቡድሂስቶች አቆጣጠር ስለሚታተም፣ የእኛ 2017 ሊያበቃ ሲል የእነሱ 2568 ነበር፤ «68» የሚል ቁጥር ያየ ሰው ዳቦው ገና ብዙ ዘመን ይቆያል ብሎ እንዳይገዛ።

ስለ ሥርዓቱ ብዙ አልጽፍም፤ ቤተ መቅደስ ሲገባ ጫማ ማውለቅና ትከሻን መሸፈን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ስለ ንጉሡና ስለ ቤተሰባቸው ግን በቀልድም ቢሆን ክፉ መናገር አይገባም፤ በወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 112 ከ3 እስከ 15 ዓመት ያሳስራል።

ሕክምና በቀጠሮው ልክ የማያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ሐኪሙ ተጨማሪ ቀን እንደሚያስፈልግ እንደነገረን የሆስፒታሉን ደብዳቤ ይዘን ቼንግ ዋታና በሚገኘው የኢሚግሬሽን ቢሮ ማራዘሚያ ጠየቅን፤ ለአንድ ሰው 1,900 ባህት ይከፈላል። ሳያራዝም የቆየ ሰው በየቀኑ 500 ባህት ስለሚቀጣ፣ ከሆስፒታሉ ደብዳቤውን መጠየቅ የሚገባው የተፈቀደው ጊዜ ከማለቁ ቀደም ብሎ ነው።